ነፃ አውጪው እና የአማቱ ሰንጠረዥ

ሰውየው ጥርስ ሠሪ ነው። ሐኪም አይደለም። ሐኪሟ የታካሚውን ድድ ለክታ ስትልክለት ከክሊኒኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ በጂፕሰም ቅርጹን ያወጣል፣ በሰም ይሞክራል፣ መጨረሻ ላይ እውነተኛ የሚመስል ሰው ሠራሽ ጥርስ አሳምሮ ያስረክባል። እጁ የተመሰከረለት ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ግን ስለ እጁ የሚያወራ የለም፤ የሚወራው ስለ ምላሱ ነው። በስሙ መጥራቱን ከተዉት ቆይተዋል፤ «ነፃ አውጪው» ነው የሚሉት።

ቅጽል ስሙ የመጣው በኮምፒውተር ሰበብ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን የሚያንቀሳቅሰውን በክፍያ የሚታደስ ሲስተም ጠራርጎ አወጣና በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ተጋግዘው የሚሠሩትን ነፃ ሲስተም ጫነ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። ያገኘውን ሁሉ ይዞ ያስረዳል። «ነፃ» ሲባል ያለ ክፍያ የሚታደል ማለት እንዳልሆነ፣ ነፃነት ያለው ማለት እንደሆነ፣ ማንም ሰው ውስጡን ከፍቶ ማየት፣ ማስተካከልና ለጎረቤቱ ማካፈል እንደሚችል ይተነትናል። ሰሚው ትንሽ ያስብና «ታዲያ ይከፈልበታል?» ብሎ ይጠይቀዋል። አይከፈልበትም ይላል። «በቃ በነፃ ነዋ» ይለዋል ሰሚው። እሱም ምራቁን ይውጥና እንደገና ከሀ ይጀምራል።

አስተያየት የማይሰጥበት ነገር አልነበረም። ኮምፒውተሩ ላይ የሚከፈተው መስኮት መዝጊያ ምልክት በስተቀኝ ትሁን በስተግራ በሚለው ላይ አቋም ነበረው፤ አቋሙን ሁለት ጊዜ ቀይሯል፣ ሁለቱንም ጊዜ በተቃራኒው ወገን የቆሙትን ንቋል። ሳይጠየቁ ራሳቸውን የሚያድሱ ፕሮግራሞችን ይጠላል። ፋይሉን አንድ ኩባንያ በባለቤትነት በያዘው የፋይል ዓይነት አስቀምጦ የሚልክለት ሰው ሲገጥመው ፋይሉን ከመክፈቱ በፊት ምክር ይጽፍለታል። የገዛ ላፕቶፑ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅ አልነበረውም። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ጸጥታ እንደሚወድ ይናገር ነበር።

ሚስቱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። ቀኑን ሙሉ ጥሩምባ ስትሰማ ስለምትውል የባሏ ንግግር ያን ያህል አይከብዳትም። የእሷን ላፕቶፕ በተጋቡ በሦስተኛው ወር ነፃ አወጣላት፤ ከዚያ ወዲህ የምትጠቀመው ስልኳን ብቻ ነው። በዚህ ጉዳይ ተነጋግረው አያውቁም።

ነገሩ የተጀመረው በእናቷ ነው። አማቱ ሠላሳ ስምንት ዓመት አዋላጅ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ከወጡ በኋላ ያዋለዷቸውን ልጆች ታሪክ መጻፍ ጀመሩ። እያንዳንዱ ምዕራፍ የሚከፈተው አምስት መስመር ባላት ትንሽ ሰንጠረዥ ነው፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሕፃኑ ክብደት፣ ክፍሉ ውስጥ ማን ማን እንደነበረ፣ መጨረሻ ላይ የእናትየው ሁኔታ። ከሰንጠረዡ በታች ታሪኩ ይከተላል። መቶ አርባ ገጽ ደርሰው ነበር። አንድ ቀን ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ማሽኑ ስላረጀ አዲሱን እትም መቀበል አይችልም የሚል ማስታወቂያ መጣባቸው። ደንግጠው ወደ አማቻቸው ደወሉ።

ነፃ አውጪው ይህን ጥሪ አሥራ አንድ ዓመት ሲጠብቅ ኖሯል ማለት ይቻላል። «እማማ፣ ማሽኑ አላረጀም፤ አርጅቷል የሚሉት ሌላ ሊሸጡልዎት ነው» አላቸው። እውነቱን ነው፣ በዚህ አልተሳሳተም። እሑድ ጠዋት ሄዶ አሮጌውን ሲስተም አወጣ፣ ነፃውን ጫነ፣ ጽሑፋቸውን በነፃው የጽሕፈት ፕሮግራም ከፈተላቸው። በፊት ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ሳህን አጥበው ይጨርሱ ነበር፤ አሁን ገና ወንበር ሳይስቡ ተከፍቶ ጠበቃቸው። አማቱ መረቁት። እሱም እያፏጨ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ማታውኑ በሚጽፍበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ስለ ድሉ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉን አሥራ ሦስት ሰዎች አነበቡት፤ ከእነሱ አራቱ እሱ ራሱ በተለያየ ጊዜ የገባባቸው ነበሩ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አማቱ ደወሉ፣ የቤተሰቡን ሁሉ ደህንነት ጠየቁ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ ነገሩት። በዘጠኝ ምዕራፎች ላይ የሰንጠረዡ የመጨረሻ መስመር አይታይም።

«ሕፃኑ አለ» አሉት፤ «እናቱ የለችም።»

ነፃ አውጪው አላመነታም። ይህ የታወቀ ነገር እንደሆነ፣ ጥፋቱ የድሮው ኩባንያ እንደሆነ፣ ፋይሉን በሚስጥር በተያዘ አሠራር ስለሚያስቀምጥ ነፃው ፕሮግራም ሲከፍተው አንዳንድ ነገር እንደሚፋለስ አብራራላቸው። ለማብራሪያው ሃያ ደቂቃ ያህል ወሰደ። አማቱ እስከ መጨረሻው አዳመጡትና መስመር ከጎደላቸው ምዕራፎች አንዱን ትናንት ራሳቸው በአዲሱ ፕሮግራም ከባዶ ገጽ እንደጀመሩት ነገሩት። የድሮው ኩባንያ እጅ አልነካውም።

ይህን አልጠየቃቸውም ነበር። መጠየቅ እንደነበረበት ገብቶታል፤ ግን እንደገባው እንዳይታወቅበት «ገባኝ፣ አየዋለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሌለው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ኢንተርኔቱን መፈተሽ ያዘ። ሚስቱ ፈረቃ ላይ ነበረች። የጽሕፈት ፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት አንድ መድረክ አለ፤ ነፃ አውጪው ከመድረኩ ነባር አባላት አንዱ ነው። ብዙም ሳይደክም ጥያቄውን አገኘው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ቁርጥ የአማቱን ጥያቄ ጠይቋል፦ የሰንጠረዤ የመጨረሻ መስመር ገጹ ሲያልቅ ይጠፋል፣ ምን ላድርግ? ከሥሩ አንድ መልስ ብቻ አለ።

መልሱ እንዲህ ይላል፦ «መጀመሪያ አጠያየቅ ተማር። ሰንጠረዥ በገጽ መካከል እንዲቆረጥ አልተሠራም፤ ችግሩ ያንተ አቀማመጥ ነው። ሁሉን ነገር አኝከው እንዲያጎርሱህ የምትፈልግ ከሆነ ወደምትከፍልበት ፕሮግራም ተመለስ። እዚህ ማንም ዕዳ የለበትም። ካልተመቸህ ኮዱ ክፍት ነው፣ ራስህ አስተካክለው።»

ነፃ አውጪው አንብቦ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ጠንከር ቢልም ሰውየው እውነቱን ነው አለ በልቡ። የአጻጻፉ አጭርነትም ማረከው። ማን ይሆን ብሎ ወደ ላይ ከፍ ሲያደርገው የመላሹ ፎቶ መጣ። ሁለት ረድፍ የጂፕሰም ጥርስ ነው። ያን መንጋጋ በገዛ እጁ ነው የቀረጸው።

ጆሮው ጋለ። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ቢሆንም ዘወር ብሎ በሩን አየ። የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ስም ተጭኖ ታሪኩን ተመለከተ። ሰውየው ከዚያ ቀን በኋላ መድረኩ ላይ አንድ ቃል አልጻፈም። ነፃ አውጪው መልሱን ሊያጠፋው ሞከረ። መድረኩ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ጽሑፍ ማጥፋት አይፈቅድም። ይህ ሕግ ሲወጣ በድጋፍ ድምፅ ከሰጡት መካከል እሱ ራሱ አለበት፤ ስለ ታሪክ መጠበቅ ሦስት አንቀጽ ጽፎ ነበር። ላፕቶፑን ዘጋው።

በማግሥቱ እሑድ አማቱ ለምሳ መጡ። ከበሉ በኋላ ከቦርሳቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ። እሳቸውም ፍለጋ ገብተው እንደነበር፣ ጎረቤታቸው ዘንድ ትልልቅ ፊደል አድርገው እንዳሳተሙት ተናገሩ። ከዚያ ጥያቄውንና መልሱን ከላይ እስከ ታች፣ የሐኪም ትእዛዝ እንደሚነበብ፣ ቃል ሳይዘሉ አነበቡት። ነፃ አውጪው ውሃ ቀዳ። የቀዳውን ሳይጠጣ እንደገና ቀዳ።

«ምስኪን» አሉ አማቱ ወረቀቱን እያስቀመጡ፤ የትኛውን ሰው ማለታቸው እንደሆነ አልተናገሩም።

ሚስቱ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ ተመለከተችው። የመላሹ ፎቶ ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈች። «ይህን መንጋጋ የማውቀው መሰለኝ» አለች ቀስ ብላ።

ነፃ አውጪው ብዙ መውጫ አሰበ። ስሙን ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ይሆናል ማለት ይችላል። የጂፕሰም ጥርስ ያለው እሱ ብቻ አይደለም ማለት ይችላል። የአማቱ ዓይን ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ የሚሉ ሰዎችን ሲያይ የኖረ ዓይን ነው። «እኔ ነኝ፣ እማማ» አላቸው።

«ስንት ዓመትህ ነበር ያኔ?» አሉ አማቱ።

«ሠላሳ አራት።»

«ልጅነት ነው እንዳንል አልፎሃል» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ መልሱ ምንም አላነሱም። ለእሱ ከስድብ የባሰበት ይኸው ነበር።

ሳህን ሲያጥቡ ሚስቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። አንድ ታካሚ ጥርሱ አልገጠመኝም ብሎ ቢመጣ ድዱን ትወቅሰዋለህ ወይ አለችው። ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ ሰባት ጊዜ ተመላልሰውበታል፤ ሰባቱንም ጊዜ «የት ጋ ነው የሚቆረቁርዎት?» ብሎ ጠይቆ የፀጉር ያህል እየሞረደ ሰጥቷቸዋል። በስምንተኛው የመጡት ሊያመሰግኑት ነው። ኮድ ከፍተው ራስዎ ያስተካክሉ አላላቸውም። እጁ ላይ ያለውን ሳህን ሁለት ጊዜ አጠበው።

ሲመለሱ አማቱ ወንበራቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠግተው ጠበቁት። ይህን ነገር ማከም ለሚችል ሰው መንገር እፈልጋለሁ፣ የሚነገረው የት ነው አሉት። የብልሽት ሪፖርት የሚቀርብበትን ቦታ አሳያቸው። እኔ ልጻፍልዎት ብሎም ተማጸነ፤ ዕድል ቢሰጡት ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ የሚክስ መሰለው። ፈቀዱለት። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲጽፍ ቆየና አነበበላቸው። ጽሑፉ የሚጀምረው ነፃ ሶፍትዌር ከየት እንደመጣ ከሚለው ነው። ቀጥሎ የጽሕፈት ፕሮግራሙ ሠሪዎች ባለፉት ዓመታት የፈጸሟቸው ሦስት ስህተቶች ይዘረዘራሉ፤ አንዱ የመዝጊያ ምልክቷን ይመለከታል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ አማቱ እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ የታመመው ማነው?»

«ሰንጠረዡ።»

«እስካሁን አልገባም እኮ።»

ወንበሩን ለቀቀላቸው። እሳቸው በሁለት ጣት፣ ሳይቸኩሉ፣ በአዋላጅነታቸው ዘመን በየፈረቃው መጨረሻ መዝገብ ላይ ሲጽፉ እንደኖሩት አድርገው ጻፉት። ምን አደረግሁ፦ አምስት መስመር ያለው ሰንጠረዥ በገጽ መጨረሻ ላይ አስቀመጥሁ። ምን ጠበቅሁ፦ አምስቱን። ምን አየሁ፦ አራት። አምስተኛው አልሞተም፤ ሰንጠረዡን ወደ ላይ ሳነሳው ይመለሳል። በአዲስ ፋይል አሥር ጊዜ ሞክሬ አሥሩንም ጊዜ ሆኗል። የሚሆነው ገጹ የግርጌ ማስታወሻ ሲኖረው ብቻ ነው፤ ማስታወሻውን ሳወጣው መስመሩ ይታያል።

ነፃ አውጪው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበባት። የግርጌ ማስታወሻውን ነገር አላየውም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነፃነትን ሲሰብክ፣ ማስታወሻ አውጥቶ ማየት የሚባል ነገር በሐሳቡ አልመጣም። መቼ ነው የሞከሩት ብሎ ጠየቃቸው። ማክሰኞ ነው፣ አንተ ስለ ኩባንያው ካስረዳኸኝ በኋላ አሉት።

መልስ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ከፕሮግራሙ አስተካካዮች አንዱ ሪፖርቱን አንብቦ ብልሽቱ እሱም ዘንድ ወዲያው እንደታየ፣ እንዲህ ጥርት ያለ ሪፖርት ካየ ብዙ ጊዜ እንደሆነው ጽፎ፣ ሥራዎ ምንድን ነው ቢባሉ ይከፋዎት እንደሆነ ጠየቀ። አማቱ «አዋላጅ» ብለው መለሱ። በአሥራ አንደኛው ቀን ብልሽቱ ተስተካከለ፤ በሚቀጥለው እትም ማስታወሻ ላይ ምስጋናቸው ሰፈረ። ነፃ አውጪው በዚህ የብልሽት ሪፖርት መቀበያ የራሱ መዝገብ አለው። ሃያ ሦስት ሪፖርት አቅርቦ ያውቃል፤ ሃያ አንዱ «ይህ አስተያየት ነው፣ ብልሽት አይደለም» ተብለው ተዘግተዋል። የቀሩት ሁለቱ ገና አልተነበቡም።

አስተካካዩ ግን አንድ ሌላ ነገርም ጨምሮ ነበር። ይህ ብልሽት ከስድስት ዓመት በፊት መድረኩ ላይ ተጠይቆ እንደነበረ፣ ጠያቂው በተሰጠው መልስ ትቶ በመሄዱ እስከዛሬ ሳይታወቅ መቆየቱን ጠቅሶ፣ የቆየውን ገጽ አያይዞታል። ያን ሳምንት ሰው እየገባ አነበበው። የነፃ አውጪው ጽሑፍ በሕይወቱ እንደዚያ ብዙ አንባቢ አግኝቶ አያውቅም።

ለሁለት ቀን ከመድረኩ ራቀ። ክሊኒክ ውስጥም ዝም አለ፤ ሐኪሟ ታመህ ነው ወይ ብላ እስክትጠይቀው ድረስ። በሦስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ጂፕሰሙ እስኪደርቅ ድረስ ተቀምጦ ከሥሩ ይቅርታ መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያው ረቂቅ አሥራ አንድ አንቀጽ ነበር። በዚያን ዘመን መድረኩ ላይ የነበረውን መንፈስ ያብራራል፣ ሌሎችም እንዲህ ይጽፉ እንደነበር ያስታውሳል። ሲያነበው የታመመው ማነው የሚለው የአማቱ ድምፅ ጆሮው ላይ መጣና ሁሉንም አጥፍቶ አራት ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ጥያቄዎ ትክክል ነበር። ብልሽቱ የፕሮግራሙ ነበር። መልሴ ስድብ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አልመለሰም። ነፃ አውጪው ለሦስት ሳምንት ያህል በየምሳው እየገባ ያይ ነበር። ምናልባት ሰውየው ሰንጠረዡን በማስመሪያና በእስክሪብቶ መሥራት ጀምሮ ይሆናል፤ ምናልባትም ሁሉን ረስቶታል። መርሳቱን ነፃ አውጪው ከልቡ ተመኘለት። ለራሱም ቢሆን ይሻለው ነበር።

አማቱ መጽሐፋቸውን ጨርሰው ለማተሚያ ቤት ሰጡ። መድረኩን ግን አልለቀቁም። ጠዋት ጠዋት ገብተው አዲስ የሚመጡትን ጠያቂዎች ያነጋግሩ ጀመር። ሁሉንም መጀመሪያ ያረጋጋሉ፣ ከዚያ መቼ እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነኩ ይጠይቃሉ። መልሱን ባያውቁትም እሳቸው ጠይቀው የጨረሱትን ጥያቄ ሌላው ሰው በቀላሉ ይፈታዋል። በአራተኛው ወር የመድረኩ ኃላፊዎች አስተናባሪ አድርገው ሾሟቸው። በዚያው ሰሞን ቁጡ ናቸው የተባሉ ነባር አባላት የሚጽፉት መልስ ከመውጣቱ በፊት አስተናባሪ እንዲያየው ተወሰነ። የአባላቱ ዝርዝር አልተገለጸም፤ ነፃ አውጪው ግን ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

አንድ ቀን ከሥራ መልስ አንድ ሰው ፕሪንተሩ ወረቀት እየጎተተ ባዶውን እንደሚመልስለት ጠይቆ አየ። ይህን ያውቀዋል፤ በእርግጥ ያውቀዋል። ጻፈ፣ አሳምሮ አስተካከለ፣ ላከ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመለሰለት። «ልጄ፣ ሁለተኛውን አንቀጽ አውጣና ላከው» ይላል።

ሁለተኛው አንቀጽ ፕሪንተር የሚሠሩ ኩባንያዎች በሰው ልጅ ላይ ስለሚያደርጉት ነገር ነበር። ከጻፋቸው ሁሉ ይበልጣል ቢል አልዋሸም። ደውሎ ሊማጸናቸው ስልኩን አነሳ፤ ሌሎች የሚጠብቁ ሰዎች አሉ እንደሚሉት ስላወቀ መልሶ አስቀመጠው። አንቀጹን ቆረጠና ላከው። የቀረችው ሁለት መስመር ናት፦ የትኛውን ሳጥን ተጭኖ የትኛውን መምረጥ እንዳለበት።

ሚስቱ ገና የደንብ ልብሷን ሳታወልቅ መልሱ ደረሰ። ጠያቂው «ሠራልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጽፏል። ነፃ አውጪው ላፕቶፑን አዙሮ አሳያት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሠራልኝ ያለው ሰው ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ አልነገራትም፤ አነበበችው፣ ፊቱንም አየችው።

«ሁለተኛው አንቀጽ ምን ይል ነበር?» አለችው።

ጥያቄው ከልብ ይሁን አይሁን ለማጣራት ለአፍታ ተመለከታት። ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ወንበሩ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ውሃ ቀዳላትና ከሀ ጀመረ።